በረዶ የሚጠጣ አበባ

ባሌ አስረስ ለአበባ በረዶ ያጠጣ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ፉሪ በሙሉ የሚለው ነው። ከሐና ማርያም ወረድ ብሎ ወዳለው ሰፈራችን መጥቶ ቤታችንን የሚፈልግ ሰው የቤት ቁጥር አያስፈልገውም፤ "በረዶ የሚያጠጣው መምህር ቤት የት ነው?" ካለ ሕፃን ልጅ እንኳ እጁን ይዞ ያደርሰዋል። ሌላው ጡረተኛ በመጠጥ ወይም በቁማር ስም ሲወጣለት የኔው በበረዶ ወጣለት።

አስረስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያላያቸውን ተራሮች ሲስል ኖረ። ጡረታ በወጣበት ዓመት ጆኒ የሚባል የድሮ ተማሪው ለትምህርት ቻይና ሄደና "መምህር፣ ምን ላምጣልዎት?" ብሎ ደወለለት። ሌላው ስልክ ወይም ጃኬት በሚልበት ዘመን የኔው ጉድ "ከተራራ ላይ የሆነ ዘር" አለ። ጆኒም ቃሉን ጠብቆ በወረቀት የተጠቀለሉ፣ እፍኝ የማይሞሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ይዞለት መጣ። ፒዮኒ ይባላል። አበባ ሻጮች የሚያባዙት ዓይነት ሳይሆን ገደል ለገደል የሚበቅል፣ በገዛ አገሩ እንኳ እየጠፋ ያለ የዱር ዘር ነው። በግቢያቸው ተክለው ከመጥፋት የሚያተርፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው ለጆኒ የሰጡት።

አስረስ ዘሩን በወተት ጣሳ ዘራው። ዓመት ሙሉ ምንም ነገር አልወጣም። ጣሳውን ልደፋ ስል እጄን ያዘኝና አፈሩን ጫር አድርጎ አሳየኝ። ሥር አውጥቷል፣ ቅጠል ግን የለውም። "መጀመሪያ ሥር ነው የሚያወጣው። ብርድ ካልቀመሰ ወደ ላይ አይወጣም" አለኝ። ፉሪ በኅዳር ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ እውነት ነው፤ ለዚህ ተክል ግን ያ ብርድ አይባልም። የሱ አገር በረዶ ወር ከወር ተኝቶ የሚከርምበት ነው። ስለዚህ ጣሳውን ወስዶ ፍሪጃችን ውስጥ ከቅቤዬ ጎን አስቀመጠው። ስንት ወጥ አፈር አፈር እየሸተተ እንደበላን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ሁሉ ፍሬ የበቀለው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ዓመቱን ሙሉ በአንዲት ቅጠል ከረመ።

መሬት ሲተከል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መሬትን ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት! አስረስ ተቀምጦ አሰበ፣ አሰበና ከድር ዘንድ ሄደ።

ከድር ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው። ከአስረስ በዕድሜ ብዙ ያንሳል፣ ግን ጓደኛሞች ነበሩ። አስረስ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጥና ይከራከራሉ። ሁለቱን ከሩቅ የሰማ የተጣሉ ይመስለዋል። አስረስ በረዶ ፈለግሁ ሲለው ከድር ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀ።

"መምህር፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣለት፤ እርስዎ ለሣር በረዶ!"

"ሣር አይደለም፣ አበባ ነው።"

"የታለ አበባው?"

"ይመጣል።"

ሳቀም ቀለደም፣ አስረስ ያመጣቸውን ባዶ ሃይላንዶች ግን ውሃ ሞልቶ ፍሪዘሩ ውስጥ ከለስላሳው ጎን ደረደራቸው። ከኅዳር እስከ ጥር በየማለዳው አስረስ ሄዶ ይወስዳል፣ ፕላስቲኩን ቀዶ በረዶውን ተክሉ የተኛበት አፈር ላይ ያስቀምጣል፣ ለነገ ደግሞ ሌላ ባዶ ሃይላንድ ይሰጣል። እንዲህ ሰባት ዓመት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ከድር ሥጋ እንደተበላሸበት ሰው "የመምህር በረዶ ቀለጠ!" እያለ ይነጫነጫል። አንድም ቀን ታክቶት "በቃ" አላለም። ለደንበኛ ሁሉ ግን ይህን ወሬ ሳያወራ ስኳር አይመዝንም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው።

አስረስ በጥቅምት ቅጠሉን ከሥሩ ይቆርጠዋል። "እንዲተኛ ነው" ይላል። ያኔ ባዶ አፈር ብቻ ይቀራል፤ ያየ ሁሉ "መምህር፣ ሞቷል እኮ ይተዉት" ይለዋል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ቆርቆሮ ያለብሰዋል። ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፍ በበሩ በኩል ስለገባ ተክሉን ከደጃፉ ነቅሎ ከኩሽናው ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ ወሰደው። ከድር ሱቁን ጥሎ ስለማይገባ አዲሱን ቦታ አላየውም። እሱ የሚያውቀው የድሮውን የበር አጠገቡን ነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ቀያይ ቡቃያዎች አፈሩን ሰነጠቁና ወጡ። እነሱስ በየዓመቱ ይወጣሉ። ከእለታት አንድ ቀን ጠዋት ግን አስረስ ከጓሮ ሆኖ ጠራኝ።

"አምሳለ፣ ነይማ። ቀስ ብለሽ።"

የሚበር ነገር ያገኘ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ጎንበስ ብል፣ ከቅጠሎቹ መካከል ሽምብራ የምታክል እምቡጥ። አረንጓዴ፣ ክብ፣ ድፍን። እሱ ሱሪውን ሳያስብ እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። እኔም እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እያየናት አደገች፣ ትንሽ ሎሚ አከለች። ጉንዳን ይወጣባት ጀመር፤ እኔ ላባርር ስል "ተያቸው፣ ማሯን ሊልሱ ነው፣ ልትፈነዳ ስትል ነው የሚመጡት" አለኝ።

"ለከድር ልንገረው?" አልኩት።

"እስክትፈነዳ ለማንም አትናገሪ።"

ዓይን ፈርቶ ነው። አዎ፣ ስንቱን ትውልድ "የሰው ዓይን ሰውን አይበላም" ብሎ ያስተማረው መምህር አስረስ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄበት እውል ነበር። ግን አልሳቅሁም፣ ምክንያቱን ስለማውቀው። እኔና አስረስ ልጅ አልወለድንም። ሁለት ጊዜ አርግዣለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በደስታ ብዛት ሳይጸና ለሰው ተናገርን፣ ሁለቱንም ጊዜ እልል ያለልን ሰው ተመልሶ መጥቶ አጽናናን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ልጅ ስላጡ አበባውን ልጅ አደረጉት" የሚል ካለ ደግሞ አፉን ይያዝ፤ ተክል ተክል ነው፣ ልጅም ልጅ ነው። ሁለታችንም ሰው ሰምቶ በተበላሹት ሁለቱ ላይ ሦስተኛ መጨመር አልፈለግንም፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ አስረስ የማዳበሪያ ጆንያዎች በእንጨት ወጥሮ ተክሉን ዙሪያውን ከለለው። ከላይ ፀሐይ እንዲያገኝ ክፍት ተወው። ከፊቱ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ ቆርቆሮ ደገፍ አደረገበት። ላየው ሰው መጣል ያለበት ኮተት ነው የሚመስለው። እኔም አላስተካከልኩትም፤ እንዲያውም እንዲያ መምሰሉ ደስ አለን።

እምቡጧ ጫፏ ላይ ስንጥቅ ስታበጅ አስረስ ወፍ እንዳይነካት ብሎ ቀጭን መረብ ሊገዛ ጀሞ ሄደ። መረቡን ገዝቶ ሲመለስ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀ። የደም ግፊት ነበረበት። ሰዎች አንስተው ሐኪም ቤት አደረሱት፣ ሲደርስ ግን አልቆ ነበር። መረቡን በፌስታል እንደተጠቀለለ አምጥተው ሰጡኝ።

የኛ ሰፈር ሰው ለሐዘን ሲደርስ ልክ የለውም። ስለዚህ ነገር ክፉ አልናገርም። ለቅሶው በተሰማ በሰዓቱ የእድሩ ድንኳን ግቢያችንን ሞላው፣ ወንበር መጣ፣ ድስት መጣ። እኔን አንስተው ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ አይሠራም፣ አያዝም። ቤቱ የኔ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ይሆናል። ሌላ ቤት ለቅሶ ሄጄ እኔም ስንቷን "ቁጭ በይ፣ አንቺን አይመለከትሽም" ብያለሁ።

ፊት ለፊቱን ድንኳን ስለያዘው የንፍሮው እሳት ከኩሽናው ጀርባ መሆን ነበረበት። ይህን ያወቅሁት የአካፋ ድምፅ ስሰማ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ሲወድቅ ተንቋቋ፣ ከዚያ አካፋ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ።

"ገዲሴ" አልኩ። ገዲሴ የሴቶቹ ኃላፊ ናት፣ ክንዴን የያዘችው እሷ ነበረች። "ገዲሴ፣ ከኩሽናው ጀርባ ጥጉ ላይ ያለውን እንዳይነኩ ንገሪያቸው። ተክል አለ። የአስረስ ተክል አለ።"

"እሺ፣ እሺ የኔ እናት።"

"አሁን ንገሪያቸው!"

"ወንዶቹ እየሠሩ ነው አምሳሌ። አንቺ ምንም አታስቢ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

ልነሳ ስል አራት ሴቶች ጫኑኝ። ሐዘን ያሳበደኝ መሰላቸው። "አእምሮዋን እንዳትስት ውሃ አምጡላት" አለች አንዷ። እኔ ስጮኽ እነሱም አብረውኝ ጮኹ፤ በቅንነት፣ ከልባቸው። አካፋው ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የማገዶ ጭስ በመስኮት ገባ። ከዚያ በኋላ ለማን እንዳለቀስኩ እኔም አላውቅም፣ ሁለቱም ተደባለቁብኝ።

ከሣልስቱ በኋላ ሰው ቀለል ሲል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከተክሉ ቦታ ላይ ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮችና አመድ ብቻ አገኘሁ። ጆንያው የለም፣ ወንበሩ የለም፣ አፈሩ ራሱ የለም። አመዱን በእጄ በተንኩት፣ ከታች የተቃጠለ ሸክላ የሚመስል መሬት ነው። ገዲሴ ተከትላኝ ወጥታ ኖሯል።

"ማን ነው የቆፈረው?" አልኳት።

"ከድር ነዋ!" አለች፣ የማመሰግነው መስሏት። "ማንንም አላስነካ አለ እኮ። ልጆቹ እኛ እንቆፍር ቢሉት 'የመምህርን ንፍሮ እሳት እኔ ነኝ የምሠራው' ብሎ አባረራቸው። ቆሻሻውንም ለብቻው ጠራርጎ አስወጣው። ወንድም ማለት እንደሱ ነው።"

ቆሻሻው በማግስቱ በጋሪ ሄዷል። ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ከድርን በሆዴ ረገምኩት። አዎ ረገምኩት፣ ስሙን እየጠራሁ። ዳር ዳሩን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም? እምቡጥ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም? ከዚያ ደግሞ የደበቅናት እኛ መሆናችን ትዝ ሲለኝ እርግማኑን አቋረጥኩት።

ከድር የመጣው በሳምንቱ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ከቀብሩ እስከ ሣልስት ሱቁን ዘግቶ ከኛ ጋር ነው የቆየው፤ ፊቱ ከስቷል። ቀኝ እጁ መዳፉ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሟል፣ አካፋ ያልለመደ እጅ ነው። አልቀመጥም አለ።

"እትዬ አምሳለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ጠይቀኝ።"

"ያን ዕለት ከኩሽናው ጀርባ ስቆፍር፣ ጆንያው ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ቀይ ግንድ፣ ወፍራም ሥር። ጨልሞም ነበር፣ እንባም ይዞኝ ነበር፣ በደንብ አላየሁትም። ቆሻሻ መስሎኝ ነቅዬ ከአፈሩ ጋር አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። የመምህር አበባ ነበር እንዴ?"

ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ፣ እሷ ነበረች፣ እምቡጥ ይዛ ነበር፣ ሁለት ቀን ብትታገሥ ትፈነዳ ነበር፣ በገዛ እጅህ ነቀልካት፣ ንፍሮ ቀቀልክባት ልለው ነበር። ይህን ማለት ያሳርፈኝ ነበር። ግን ሰውየው ኮፍያውን ጨብጦ ያየኛል። በዚህ ዓለም ላይ እንደ እኔ አስረስን ያጣ ሌላ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እውነቱን ብነግረው እስኪሞት ድረስ ይዞት ይኖራል፣ ሱቁን በከፈተ ቁጥር ፍሪዘሩን እያየ።

"አይደለም" አልኩት። "እሱ የኔ እንሶስላ ነው።"

"እንሶስላ?"

"እንሶስላ። ሥሩ ወፍራም፣ ግንዱ ቀይ አይደል? ዶሮ እየቆፈረ ሲያስቸግረኝ ነው በጆንያ የከለልኩት። ሌላ እተክላለሁ።"

"ወላሂ በይኝ።"

"በማርያም።"

አሁን ተቀመጠ። ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ። እኔም አበቃ ብዬ ነበር። ቀና ሲል ግን ጠየቀኝ።

"የመምህርስ አበባ ታዲያ የት አለ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። "እሱማ ደርቋል። ያን ጊዜ ጎርፉ ሲገባ ከበሩ አጠገብ ሲያዛውረው ነው የደረቀው።"

"መቼ? ሁለት ክረምት ሆነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዘንድሮም እስከ ቅርብ ጊዜ በረዶ ሲወስድ ነበር እኮ! በየቀኑ!"

ውሸት አንዴ ከጀመሩት ጎትቶ ይዞ ይሄዳል። "አፍሮህ ነው ከድሬ" አልኩት። "'ሞተ' ብሎ እንዴት ይንገርህ? ያን ሁሉ ዓመት ስትደክምለት። እየወሰደ ይደፋው ነበር።"

ከድር እየሳቀ አለቀሰ። "ወይ መምህር! ወይ መምህር! ምን አለ ቢነግሩኝ፣ እኔ መቼ እቀየማቸዋለሁ?" አለ። ቀልሎት ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። በሕይወቱ ሰው ዋሽቶ የማያውቀውን ባሌን ዋሾ አደረግሁት። ባዶ አፈር ላይ በረዶ የሚደፋ፣ ጓደኛውን የሚያታልል ሽማግሌ አደረግሁት። አስረስን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ድምፄን አውጥቼ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም።

አርባው የዋለው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው፤ ረመዳንም ገብቶ ነበር። ለጎረቤቱ ሽሮና ምስር ቀረበ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲበላ ከድር ብቻ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ጾሙን የሚፈታው ማታ ነው። አፉ ሥራ የፈታ እሱ ብቻ ስለነበር ወሬውን ያዘው። ስለ አስረስ ይናገር ጀመር። ንግግሩ ያምራል፣ ሰው መብላቱን ትቶ ያዳምጠው ነበር።

"ሃይላንዱን ተሸክመው ሲመጡ ገና ከሩቅ ነው የሚጣሉኝ! 'ከድር፣ ትናንት የሰጠኸኝ በደንብ አልረጋም' ይሉኛል። እኔ ደግሞ 'መምህር፣ አበባው ደውሎ ነገረዎት?' እላቸዋለሁ።"

ሰው ሳቀ።

"ለካ አበባው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው! ከሞተ ሁለት ዓመቱ! እኔን ላለማስከፋት ብለው በየማለዳው መጥተው በረዶ ይወስዱና ይደፉታል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? በአላህ፣ የት ይገኛል?"

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፣ እየወደዱት ነው የሳቁት፣ ብዙዎቹም እንባቸውን እየጠረጉ። ሸጊቱ የምትባለው ጎረቤቴ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ "አይ መምህር፣ የዋህ ነበሩ እኮ" አለችኝ። ወንዶቹ በኩል አንዱ "እኔስ ያን ጊዜም ይሄ ነገር በኛ አገር አይሆንም ብዬአቸው ነበር" አለ። ሌላው "ሁላችንም ብለናቸዋል" ሲል ተቀበለው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ያያሉ፣ ስስቅ ሊያዩ። ሳቅሁላቸው። ከድርም ሳቄን አይቶ ደስ አለው፣ እንደተሞገሰ ልጅ።

የነፍስ አባታችን ጢማቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ቀና አሉ። ሳቁ ጸጥ አለ።

"እንግዲህ" አሉ፣ "መምህር አስረስ ይህን ያህል ዘመን ደክመው አንዲት እምቡጥ እንኳ ሳያዩ አለፉ። በዚህ ዓለም ያላዩትን አበባ እግዚአብሔር በገነት ያሳያቸው።"

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ "አሜን" አለ። ከድርም በራሱ ቋንቋ "አሚን" አለ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ።

እኔም አሜን አልኩ።